የግማሹ ግማሽ

ሰኔ አጋማሽ ላይ ደወለች ኦሪሲያ፣
ሳስካቸዋን ሜዳ፣ ከባቡሩ ሐዲድ የአንድ ሰዓት ወዲያ፤
«ምስሬ ቢጫ ሆኗል፣ ውርጭ ነው የሚሉኝ፣
አንተ አፈር ታውቃለህ፣ መጥተህ እይልኝ።»

የብረት ቱቦዬን፣ ከረጢቶቼን ጭኜ ሄድኩላት፤
አንዱን ቡቃያ ነቅዬ ሥሩን አሳየኋት፤
አጥሮ፣ ተጨማዶ፣ የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ መስሏል።
«ውርጭ ከላይ ያቃጥላል፤ ይሄኛው ከታች ታንቋል።»

ከዚያ የማውቀውን ነገርኳት፣ አፈሩን በጣቴ እያሸሁ፦

ፀረ አረም ከበርሜሉ ሲወጣ፣ ሞቱን ይዞ ነው የሚወጣ፤
መሬት እርጥብ ከሆነች፣ ዝናቡም በጊዜ ከመጣ፣
ዓይን የማያያቸው፣ በአንድ ቁንጥር አፈር አገር የሚያህሉ፣
አፎች አሉ በውስጧ፣ ቀለበት በቀለበት ፈትተው የሚበሉ።
ውሃም ይሰብረዋል። ቀን ተቆጥሮ ግማሹ ይጠፋል፤
ደግሞ ያን ያህል ቀን፣ ከቀረው ግማሹ ያልፋል፤
ከዚያ የግማሹ ግማሽ፣

«ታዲያ መቼ ያልቃል?» አለች።
«በሒሳቡ አያልቅም።
ምስር እስከማይሰማው ያንሳል እንጂ፣ ዜሮ ላይ አይደርስም።»

አምና ግን ሰማዩ ናስ ነበር።
ኩሬው ደርቆ ዳክዬ በእግሯ ስትሻገረው አይታለች፤
ያን ጊዜ አፎቹ ተዘጉ፣ መሬቲቱም ጾመች።
መድኃኒቱ በሸክላው ገጾች መካከል ተሸጉጦ ከረመ፣
በረዶው ሲቀልጥ ነቃ፣ ሥር ፈልጎ ቆመ።
ያልተያዘም አለ፣ ከውሃ ጋር የወረደ፣
በትል ጎዳና፣ በድርቅ ስንጥቅ፣ ቁልቁል የነጎደ።

«ጉድጓዴ ደርሶ ይሆን?»
አላውቅም አልኳት። አላውቅም ነበር።
ከቧንቧዋ አንድ ጠርሙስ ሞላሁ፣ ክዳኑን አጠበቅኩ፣ ስሟን ጻፍኩበት።

አፋፉ ላይ፣ ኖራ የበዛበት ነጭ አፈር፣ ምስሩ አልቋል፤
ረባዳው ላይ፣ ጥቁሩ አፈር፣ ቁርጭምጭሚት ድረስ ለምልሟል።
እስከዚህ ሁሉም ሕጉን ጠብቋል።

መካከል ላይ ግን፣ ዳገት ቁልቁለት በሌለበት፣
አንድ መስመር አገኘን፣ ሠላሳ እርምጃ፣ ምንም ያልበቀለበት፤
ከጠረጴዛ ወርድ የማይሰፋ፣ ቀጥ ያለ፣ ራቁቱን፣
ግራና ቀኝ እንደ ተዘረጋ ክንድ።

«ይሄስ?»

መልሱ ቀላል ነበር፣ ስለዚህ ዘገየሁ።
መርጫው ክንፉን ዘርግቶ እዚህ ቆሟል፣ ሳይዘጋ፣ እየፈሰሰ።
አንድ ደቂቃ ይሁን ሁለት፣ መሬቱ ያውቃል።

የዋሲል ደብተር በእጇ ነበር፣ በእርሳስ የተጻፈ፦
«ሰኔ አራት። ስንዴ። ነፋስ ከደቡብ፣ ቀላል። ሦስት ታንክ። ጨረስኩ።»
ስለ መቆም ቃል የለበትም።
የዚያን ዕለት ማታ ሾርባውን ትቶ፣ «ሙቀቱ ነው» ብሎ ተኛ።
መስከረም ላይ ከመጋዘኑ ደጃፍ ወድቆ ተገኘ።
«ልቡን ከዚህ በፊትም አንዴ መትቶታል» አሏት ሐኪሞቹ፤
«ከጎኑ ነበርኩ እኮ፣ መቼ?» ብላ ተከራክራለች።

አሁን መስመሩ ውስጥ ገባች።
መሪው የነበረበት መሐል ላይ ስትደርስ ቆመች፣
ወደ ቤቷ ዞረች።
የወጥ ቤቷ መስኮት ከዚያ ይታያል።

«ከርሞ ስንዴ ዝሪበት፣ ስንዴ ይችለዋል» አልኩ፣ የምለው ቢጠፋኝ።
«ይሄ መስመርስ? ስንት ዓመት ይቆያል?»
«ዝናብ ካለ፣ ከርሞ አታገኚውም።»

ከምዕራብ ደመና እየመጣ ነበር፣ ሆዱ የጠቆረ፣
አውራጃው ሁሉ አንጋጦ ሲጠብቀው የከረመ።
እሷም አየችው። ፊቷን ላነብ አልደፈርኩም።
ሰባተኛውን ናሙና ቋጥሬ፣ ቱቦዬን ጠርጌ ስነሣ፣
የተውኩትን ቀዳዳ በጫማዋ ጫፍ፣ ቀስ ብላ፣
አፈር መለሰችበት።